የጋሪው ግጥም ባለቤት

በማይዙሩ ወደብ፣ ሃይኩ የሚባለውን ባለ ሦስት ስንኝ አጭር ግጥም በሚገጥመው ማኅበር ውስጥ እንደ ቶኩጂ ያለ የጥንት ግጥም ጠበቃ አልነበረም። አበባ ወይም በረዶ ወይም ሌላ ወቅት የሚናገር ቃል የሌለበት ግጥም ለእሱ ጨው የጎደለው ሾርባ ነው። ያም ሆኖ አንድም ቀን አንደኛ ወጥቶ አያውቅም። የአንደኛው ሽልማት መምህር ኢሶዳ ከጓሯቸው ቆርጠው የሚያመጡት ጥቅል ጎመን ነው። ጎመን በየሱቁ ሞልቷል፤ ቶኩጂ የሚመኘው ግን የመምህሩን ነው። ሚስቱም ባዶ እጁን በተመለሰ ቁጥር፣ «ዛሬም ጎመኑ አልደረሰም?» ትለዋለች።

በዚህ ወር ሰይጣን አሳሳተው። ከአበባ ግጥሞቹ መሀል ዘመናዊ የሚሉትን ዓይነት አንድ ግጥም ሸጉጦ አስገባ። ግጥሞቹ ስም አይጻፍባቸውም፤ የእጅ ጽሕፈት እንዳያሳብቅም አንዱ የሌላውን ይገለብጣል። ባለቤቱ ስሙን የሚናገረው ሁሉም መርጦና ተችቶ ሲያበቃ ነው። ያልተመረጠ ግጥም ባለቤቱም ሳይታወቅ ይቀራል። ቶኩጂ የተማመነው በዚህ ነበር።

ግጥሙ ተነበበ፦

ባዶ የገበያ ጋሪ
ቁልቁለቱን ብቻውን ወረደ፤
ማንን ሊከተል?

የቀድሞዋ ፀጉር ሠሪ ፉሳኤ በረጅሙ ተነፈሰች። በቶኩጂ የአበባ ግጥሞች ዘወትር የምትቀልደው እሷ ናት። እሷ መረጠችው፤ ዓሣ ሻጩ ሃሩታም መረጠው፤ ከዚያ ብዙዎቹ ተከተሉ። ቶኩጂን ደስታና ድንጋጤ አንድ ላይ ያዙት። መምህሩ አስተያየቱን ሲጠይቁት፣ እንዳይጠረጠር ብሎ ከልኩ አለፈ። ጋሪ ነፍስ የለውም፣ ነፍስ የሌለው ደግሞ ማንንም አይከተልም አለ። ወቅቱ የት አለ ብሎም ጠየቀ። በመጨረሻም፣

«ይህን የጻፈ ሰው ወይ አልተኛም፣ ወይ አልበላም» አለ።

ፉሳኤ ሻይዋን አስቀመጠች። «ባሌ የሞተ ሰሞን እኔም እንደዚህ ጋሪ ነበርኩ» አለች ቀስ ብላ።



ግጥሙ አንደኛ ወጣ። መምህሩ ባለቤቱን ጠሩ፤ የሚመልስ ጠፋ። ሁሉም ወደ ፉሳኤ ቢዞር፣ የራሷን ግጥም መምረጥ ነውር መሆኑን የማታውቅ መስሏቸው እንደሆነ ጠየቀቻቸው። መምህሩ ጥቂት ጠብቀው፣ ባለቤት ካልተገኘ ሽልማቱ ለሁለተኛው ይሰጣል አሉ። ሁለተኛው ሃሩታ ነበር፤ እጁ ጎመኑ ዘንድ ደርሷል።

«ቶኩጂ» አለ ቶኩጂ።

«አቤት፣ ምን ልትል ነው?» አሉ መምህሩ።

«ስሜን ነው የተናገርኩት።»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ፉሳኤ ግን አልሳቀችም። «አንተ ሰው፣ ጎመን አማረኝ ተብሎ የሰው ግጥም ይነጠቃል? የአንተ ከሆነ ንገረና፤ ጋሪው ማንን ነው የተከተለው?»

ቶኩጂ ጆሮው ድረስ ቀላ። ማክሰኞ ዕለት ከገበያ አዳራሹ ወጥቶ የጫማውን ክር ሊያስር ጋሪውን እንደለቀቀው፣ ጋሪው ወደ ባሕሩ መንገድ እንደገሰገሰ፣ ከኋላው ሲሮጥ ባርኔጣው እንደወደቀ፣ የተማሪ ልጃገረዶችም እያጨበጨቡ «በርቱ አያቴ!» እንዳሉት አንድ ሳያስቀር ተናገረ።

«ጋሪው ማንንም አልተከተለም» አለ። «የተከተልኩት እኔ ነኝ።»

አሁን የሚጠራጠር አልነበረም፤ ማንም ሰው እንዲህ ያለውን ውርደት ለጎመን ብሎ አይፈጥርም። ሃሩታ እጁን ሰበሰበ፤ መምህሩም ጎመኑን በሁለት እጃቸው አቀረቡለት። ቶኩጂ አቅፎት ሊቀመጥ ሲል ፉሳኤ አስቆመችው።

«ቆይ እንጂ። ከልክ በላይ የተቸ ሰው ባለቤቱ ሲታወቅ እጅ ይነሳል። ደንባችን ነው። አልበላም ያልከውን ሰው ይቅርታ ጠይቅ።»

ቶኩጂ መምህሩን አየ። መምህሩ ደንብ ደንብ ነው በሚል ዓይን መለሱለት። ወደ ቀኝ ዞረ፣ ወደ ግራ ዞረ፤ ይቅርታ የሚጠየቀው ሰው በየትም በኩል የለም። በመጨረሻ ጎመኑን እሱ ራሱ በሚቀመጥበት ትራስ ላይ በእሱ ምትክ አስቀመጠውና፣ ልብሱን አስተካክሎ፣ ግንባሩ ምንጣፉን እስኪነካ ድረስ እጅ ነሣው።