ጭብጨባ ለአንድ አራተኛ

አሁንም ሳስበው ወደ ላይ ይለኛል። እናንተዬ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ጉልበቴ እንዲህ እየቆረጠመኝ፣ ለሕፃን በተሠራ ወንበር ላይ ተኮራምቼ፣ እጄን እያወጣሁ «ቲቸር! ቲቸር!» ስል መዋሌ ሳያንስ፣ ያየሁትን ማየቴ! ምነው በቀረብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመንግሥት ትምህርት ቤት ለማስተማር የሚፈልግ ሰው ዲፕሎማ ስላለው ብቻ አይቀጠርም። መጀመሪያ የመሠረታዊ ክህሎት ፈተና ይቀመጣል፤ ንባብ፣ ጽሑፍ፣ ሒሳብ። እሱን ካለፈ ደግሞ ገምጋሚ የምንባለው ሦስታችን ፊት ቆሞ ያስተምራል። ተማሪዎቹም እኛው ነን። ልጆች ይምጡ ብንል «የልጆቹ ጊዜ ይባክናል» ተባለና ሽበታችንን ይዘን የሦስተኛ ክፍል ሕፃን ሆነን አረፍነው። ሦስታችንም ካልፈረምን የሙያ ፈቃድ የለም፤ ፈቃድ ከሌለ ቅጥር የለም።

አንዷ ገምጋሚ እኔ ነኝ። ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ተማሪዎቼ ከጀርባዬ «ኮምጣጤ» ይሉኛል። አልቀየማቸውም፣ እውነታቸውን ነው። ሁለተኛው ሰብሳቢያችን ነው፤ ጡረታ ሊወጣ የተቃረበ ርዕሰ መምህር፣ ጣሪያው እላዩ ላይ ቢደረመስ «ምንም አይደል» የሚል ሰው። ስሙን ትተን «ምንም አይደል» ነው የምንለው። ሦስተኛው ከትምህርት ቢሮ የሚላክ ተወካይ ነው፤ ከረባቱ ያምራል፣ ሌላ የምለው የለኝም።

እኔ ደግሞ አንድ ልማድ አለኝ። ተፈታኙ መሐል ሲደርስ እጄን አወጣና ሆን ብዬ የተሳሳተ መልስ እሰጣለሁ። ልጅ ሲሳሳት ምን ያደርጋል? ያመናጭቃል? ያልፈዋል? ወይስ ቀስ አድርጎ ይመልሰዋል? መምህርነት እዚያ ላይ ነው የሚታየው፣ ሌላው ጌጥ ነው። ድሮ ድሮ ደህና ነበር። ሰሞኑን ግን የመጣው ሁሉ የማይረባ መልሴን ሰምቶ «ጎበዝ! አጨብጭቡላት!» ይላል። ሁለቱ ባልደረቦቼ ያጨበጭባሉ። እኔ ደግሞ አንድ በአንድ እጥላቸዋለሁ። ይሄ ትውልድ ባዶውን ነው የተመረቀው እያልኩ አንጀቴ እያረረ ቤቴ እገባለሁ።

የዚያን ቀን ክፍሉ ውስጥ ተቀምጠናል። የተሰበረው መስኮት በካርቶን ተደፍኗል፣ የጠመኔው ብናኝ አፍንጫ ይሰነፍጣል። በሩ ተከፈተና ተፈታኟ ገባች። ማን ብትሆን ጥሩ ነው? የታናሽ ወንድሜ ሚስት!

ደነገጥኩ። መፈተኗን አውቃለሁ፣ እኛ ጋ መመደቧን ግን አላወቅኩም። ወንድሜ የሚሠራበት ፋብሪካ ከተዘጋ ወዲህ ቤት ውሏል፤ የልጃቸው ወተት ሳይቀር የሚመጣው ከእናታችን ጡረታ ነው። ይህች ልጅ ከተቀጠረች ቀና ይላሉ፣ ካልተቀጠረች እናታችን ቤት ሊገቡ ነው። ይህንን እያወቅኩ ነው እንግዲህ ብድግ ያልኩት።

«የወንድሜ ሚስት ናት። እኔ ልውጣና ሌላ ሰው ይተካ» አልኩ።

«ኧረ ምንም አይደል!» አለ ሰብሳቢው። «እንዲያውም ቤተሰብ ሲሆን ነገር ይቀላል።»

ተወካዩ ሳቀ። ከሳቁ በላይ ያበሸቀኝ እኔን ቁጭ በይ እያለ ጀርባዬን ቸብ ቸብ ማድረጉ ነው። እንደ ምንም ተቀመጥኩ።

ልጅቷ ጀመረች። አቤት ስትችልበት! ሰሌዳውን ቀጥ ባለ መስመር ለሦስት ከፈለችው። ጽሕፈቷ የታተመ ይመስላል። ትምህርቱ ክፍልፋይ ነው፤ ከካርቶን የተቆረጡ ባለቀለም ክቦች ይዛ መጥታለች፣ ድምጿ እስከ መጨረሻው ወንበር ይሰማል፣ ለማንም ጀርባዋን አትሰጥም። «እሰይ የኔ ልጅ» አልኩ በሆዴ። ቤተሰብ ሆና ሳይሆን፣ እውነቴን ነው፣ እንዲህ የሚቆም ሰው ካየሁ ቆይቼ ነበር።

ከዚያ ጠየቀች። «ልጆች፣ ከአንድ ሦስተኛና ከአንድ አራተኛ የቱ ይበልጣል?»

እጄን አወጣሁ። «ቲቸር! ቲቸር! አንድ አራተኛ!»

«ለምን ይመስልሻል?»

«አራት ከሦስት ስለሚበልጥ!»

ይህ እንግዲህ የዓለም ሕፃን ሁሉ የሚሳሳተው ስህተት ነው። አየችኝ። ጠመኔውን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። ከዚያ ፊቷ በፈገግታ በራ።

«ጎበዝ! በጣም ጎበዝ ተማሪ! አጨብጭቡላት!»

ሁለቱ ወንዶች አጨበጨቡልኝ። ሰብሳቢው እንዲያውም በምት በምት ነው ያጨበጨበው። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ምናልባት ደንግጣ ይሆናል ብዬ ሌላ ዕድል ልስጣት አልኩ።

«ቲቸር፣ እንግዲያው አንዱን ዳቦ ለሦስት ከምንካፈለው ለአራት ብንካፈለው የበለጠ ይደርሰኛል?»

«ልክ ነሽ የኔ ቆንጆ!» አለችና ዞራ በዚያ በሚያምር ጽሕፈቷ አንድ አራተኛ ከአንድ ሦስተኛ ይበልጣል ብላ ጻፈች። ከሥሩም አሰመረችበት።

ምን ይዋጠኝ? የሚቀጥለውን አልሰማሁም።

ልጅቷ ወጥታ ሦስታችን ስንቀር «አላለፈችም» አልኩ።

«እንዴት ሆኖ?» አለ ሰብሳቢው። «ተሳትፎ ግሩም፣ መርጃ መሣሪያ ግሩም፣ ተማሪ ማበረታታት ግሩም።»

«ሰሌዳው ላይ የጻፈችውን አላየህም እንዴ?»

«ምንም አይደል። ለይዘት የሚሰጠው ነጥብ ትንሽ ነው፤ ባዶ ብንሰጣት እንኳ ታልፋለች።»

ተወካዩ ወደ ሰሌዳው አንጋጦ ቆየና «ለነገሩ... አራት አይበልጥም እንዴ?» አለ። ሁለታችንም ስናየው ጊዜ «ቀልዴን ነው» ብሎ ሳቀ። ይቀልድ አይቀልድ እስከ ዛሬ አላውቅም። የመምህር ፈቃድ የሚሰጥ ሰው ነው እንግዲህ! እነሱ ፈረሙ፣ እኔ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ።

ምሽት ላይ በሬ ተንኳኳ። ወንድሜና ሚስቱ ናቸው። ወንድሜ በእጁ ፖስታ ይዟል። ከፍቼ ሳየው ያው የመገምገሚያው ቅጽ፤ ሰብሳቢው ራሱ «እህትህ ቤቷ ስትረጋጋ ትፈርማለች» ብሎ ሰጥቶታል። የመንግሥት ሰነድ ለተፈታኝ ባል! እንዴት ያለ ልክስክስ አሠራር ነው? ሆኖም እንግዳ እንግዳ ነውና ሻይ ቀዳሁላቸው።

«እትዬ» አለ ወንድሜ፣ «አንቺ እኮ እንደ እናቴ ነሽ። ጨካኝ እንዳልሆንሽ አውቃለሁ። የሆነው ሆኗል፣ አንዲት ፊርማ ናት።»

ፊቱ ከስቷል። የአንገቱ አጥንት ወጥቶ ሳይ አንጀቴን በላው። በልጅነቱ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩት ልጅ ነው፤ ምን ልበል? ስመለስ መንገድ ላይ ያሰብኩትን ነገርኩት።

«ስማኝ፣ እኔ ጨርሶ እጥላታለሁ አላልኩም። ዛሬ ግን አልፈርምም። ከነገ ጀምራ ማታ ማታ እኔ ጋ ትምጣ፤ ክፍልፋይን ከሥሩ አስተምራታለሁ። በሚቀጥለው ዙር ትገባና ታልፋለች። እስከዚያ ለወተቱም ለሌላውም እኔ አለሁ።»

ከልቤ ነው። ተሰጥኦ ያላት ልጅ ናት፣ የጎደላትን ብሞላላት ከኔ የተሻለች መምህር ይወጣታል ብዬ ነው።

ሚስቱ ግን ፊቷ ቲማቲም መሰለ። «ምንድን ነው የሚያስተምሩኝ?» አለች።

«የቱ እንደሚበልጥ ነዋ!»

«አንድ ሦስተኛ ነው የሚበልጠው፣ እትዬ።» አንገቷን ቀና አደረገች። «ዳቦው ለብዙ ሰው በተካፈለ ቁጥር ቁራሹ እያነሰ ይሄዳል። ልጆች ከታች ያለውን ቁጥር ብቻ አይተው ይሳሳታሉ፤ ስለዚህ ሁለቱን ክቦች ደራርቤ ነው የማሳያቸው። በስንት ይበልጣል ካሉኝም በአንድ አሥራ ሁለተኛ ነው።»

እኔ እንኳ ከዚህ አሳምሬ አላስረዳም። ለቅጽበት እጅግ ደስ አለኝ፣ ተነሥቼ ልስማት ምንም አልቀረኝም ነበር።

«አየሽ! አየሽ!» አለ ወንድሜ እየሳቀ። «ታውቃለች እኮ!»

«ታዲያ ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት። «ለምንድን ነው ያን ጉድ ሰሌዳ ላይ የጻፍሽው?»

ምንም ግራ የሚያጋባ ነገር እንደሌለ ሁሉ ነው የመለሰችልኝ። «እርስዎ ነዎት እኮ ያሉት። ገምጋሚ ተሳስተሻል ይባላል እንዴ? ለፈተናው የሚያዘጋጀን ሰውዬ መጀመሪያ የሚነግረን እሱን ነው። በሌላኛው የፈተና ጣቢያ አንዷ ተፈታኝ አንዱን ገምጋሚ በትሕትና አረመችውና ‹ሥነ ምግባር የጎደላት› ብለው ጣሏት። ከዚያ ወዲህ ማንም አያርምም። ገምጋሚ ያለውን አጨብጭበን ነው የምናልፈው።»

«እኔ የጣልኳቸው ሁሉ...»

«ሁሉም ያውቁት ነበር። እርስዎ ምን ቢሉዎት ደስ እንደሚልዎት ነው ያላወቁት።»

አቅለሸለሸኝ። ቃሉ ይኸው ነው፣ ሌላ የለውም። ባዶ ናቸው ስል ከርሜ፣ ለካ ባዶ አይደሉም! ባዶን እኮ መሙላት ይቻላል፤ ሥራዬ ነው። እያወቀ የሚያጨበጭብን ሰው ምን አድርጌ ነው የማስተምረው? ወንድሜን አየሁት፣ አንዳች የሚያሳፍር ነገር የሰማ አይመስልም። እስክሪብቶውን ከፍቶ ወደ እኔ ገፋ አደረገልኝ።

«በይ እንግዲህ ፈርሚ። አታውቅም ብለሽ ነበር፣ አወቀች።»

እስክሪብቶውን ያዝኩት። አልዋሽም፣ ያዝኩት። የአንገቱ አጥንት አሁንም ይታየኛል። ቢያንስ አንድ ነገር ልስማ፣ ምናልባት ነገሩ ለፈተና ብቻ ይሆናል፣ ክፍል ስትገባ ሌላ ሰው ትሆናለች ብዬ ጠየቅኳት።

«እሺ፣ ገምጋሚውስ ይሁን። ነገ ተቀጥረሽ ክፍል ገባሽ እንበል። እኛ የለንም፣ አንቺና ልጆቹ ብቻ ናችሁ። አንድ ልጅ ተነሥቶ ያንኑ የኔን መልስ ቢመልስ ምን ትያለሽ?»

ጣሪያውን አየት አድርጋ አሰበች። ከልቧ ነው ያሰበችው፣ አልቀለደችም።

«የማን ልጅ ነው?» አለችኝ።

ወንድሜ ራሱን ነቀነቀ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው እንደ ማለት።

እስክሪብቶውን ከደንኩና ቅጹ ላይ አስቀምጬ መለስኩለት። ወንድሜ መጀመሪያ አልገባውም፣ ሲገባው ብድግ አለ።

«የሷን እንጀራ ዘጋሽ ማለት የኔን ዘጋሽ ማለት ነው። ትፈርሚያለሽ ወይስ እህት የለኝም ልበል?»

«በል» አልኩት።

አላለም። ፖስታውን ብብቱ ሥር ወትፎ፣ በሩን ሳይዘጋ ወጣ። ኮቴው ከደረጃው ሥር እስኪጠፋ ሰማሁት።

ሚስቱ ነጠላ ጫማዋን ተጫምታ፣ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ፣ ከደጃፉ ላይ ዞር አለችና እንደ ሰሌዳው ጊዜ ፈገግ አለችልኝ።

«ሻዩ ግሩም ነበር፣ እትዬ። እንደ እርስዎ ሻይ የሚጥም የለም።»

ከሄደች በኋላ ጠረጴዛውን ላነሳሳ ሄድኩ። ብርጭቆዋ እንደቀዳሁላት እስከ አፉ ሙሉ ነበር።