የዋኩይ ቀኝ ዓይን

ዋኩይ ሳምንቱን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዳ ከርሞ፣ እሁድ ጠዋት አጥንቱ ሳይቀር እንቅልፍ እያማረው ቺባ በተባለው አውራጃ ጫካ ውስጥ ካለው የጨዋታ ሜዳ ደረሰ። ጓደኛውን ኔጊሺን በቤት መኪናው ከቤቱ አንስቶ ያመጣውም እሱ ነው። ከጎልማሳነታቸው ጀምሮ እንዲሁ ነበር፤ ዋኩይ ይነዳል፣ ኔጊሺ አጠገቡ ተቀምጦ ያወራል። ሁለቱም ሃምሳን ካለፉ ቆይተዋል፤ ጫካ ለጫካ እየተሽሎከለኩ በፕላስቲክ ጥይት መተኳኮሱን ግን አልተዉም።

ጨዋታው ሳይጀመር እያንዳንዱ ጠመንጃውን ያስተካክላል። ዋኩይ የራሱን ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ፣ ከሜዳው ጫፍ ወደተንጠለጠለው የብረት ሳህን ተኮሰ። ሳህኑ ድምፅ አላሰማም።

«ሰማይ ልትመታልን ነው እንዴ?» አለ ኔጊሺ ከኋላው ቆሞ። «ሆፕ-አፑን አብዝተኸዋል።»

ሆፕ-አፕ የሚሉት ጠመንጃው ውስጥ ሆኖ ጥይቷን ከላይ ጫን የሚላት ትንሽ ጎማ ነው። ጎማው ሲዳብሳት ወደ ኋላ እየተሽከረከረች ስለምትወጣ አየሩ ላይ ትንሳፈፋለች። ሲበዛባት ሽቅብ ትወጣለች፤ ሲያንሳት ደግሞ ግማሽ መንገድ ሳትደርስ አፈር ትልሳለች። ዋኩይ የጎማውን መዘውር ትንሽ ወደ ኋላ መለሰና ደግሞ ተኮሰ።

«ይኸውልህ! እንደ ተወጠረ ክር ቀጥ አለች» አለ ኔጊሺ። «አሁን የቀረህ መነጽሩ ነው። ወደ ግራ እየሳተ ነው።»

ዋኩይ የማነጣጠሪያውን መነጽር ማስተካከያ ወደ ቀኝ አዞረ። ጥይቷ በቀኝ በኩል አለፈች። መለሰው፤ በግራ አለፈች። ጨርቅ አውጥቶ መስታወቱን ጠረገ። መስታወቱ ንጹሕ መሆኑን ያውቃል። መነጽሩ ውስጥ ካለው መስቀለኛ መስመር መሀል ላይ፣ ልክ ሳህኑ ሊኖር የሚገባው ቦታ፣ አንድ ሰው በአመድ ጣቱ ዳብሶ የሄደ ይመስል ግራጫ ነገር ተለጥፏል። ዙሪያው ይታያል፤ መሀሉ የለም። ነገሩ የመነጽሩ ሳይሆን የቀኝ ዓይኑ ነው። በሙቀቱ ወራት ጀመረው፤ መጀመሪያ የመብራት ምሰሶዎች ውሃ ውስጥ እንደቆሙ ሁሉ ጎበጡበት፤ ከዚያ ያ ግራጫ ነገር መጣ። ለማንም አልተናገረም። ሹፌር እንዲህ ያለ ነገር አውርቶ መንዳት ይፈቀድለታል?

ኔጊሺ መጠበቅ ሰለቸው። «ወዲህ በል እስቲ» ብሎ ጠመንጃውን ተቀበለና ተኮሰ። ጣንግ! ደገመ። ጣንግ! «ምንም አልሆነም እኮ!»

«ላንተ ነው እንጂ ለኔ ዓይን አልሆነም።»

ኔጊሺ ቀና ብሎ አየው። የሚለው ነገር ያለው መሰለ፤ ግን ጎንበስ ብሎ ማስተካከያውን እንደገና ማዞር ጀመረ። ዋኩይ ባልንጀራው ደኅናውን ጠመንጃ እየነካካ ሲያበላሸው ተመለከተ። 

ፊሽካ ተነፋ። የነሱ ቡድን ክንዱ ላይ ቀይ ጨርቅ፣ ባላጋራዎቻቸው ቢጫ አሰሩ። ኔጊሺ በቀኝ በኩል ወደ ዝግባዎቹ ሲገባ ዋኩይ ከአንድ የወደቀ ግንድ ኋላ ተኛ። መሬቱ ይቀዘቅዛል፤ ግን መተኛት ነውና ደስ አለው። ዓይኑን ቢከድን በዚያው እንቅልፍ ይወስደው ነበር።

ከዛፎቹ መሀል ጥላ ተነቃነቀ። በመነጽሩ ተመለከተ፤ ግራጫው ነገር ጥላውን ዋጠው። ቢሆንም በግምት ተኮሰ።

«ተመታሁ!» አለ ጥላው፣ እጁን ወደ ላይ አንስቶ።

በዚህ ጨዋታ ዳኛው የተመታው ሰው ራሱ ነው። የተመታ እጁን አንስቶ ይናገራል፣ ከሜዳውም ይወጣል። ድምፁ ግን የኔጊሺ ነበር። ክንዱ ላይ ያለውን ቀይ ጨርቅ ዋኩይ ያየው መነጽሩን ከዓይኑ ካነሳ በኋላ ነው።

ኔጊሺ እጁን እንዳነሳ ወደ ማረፊያው ድንኳን ሄደ። ዋኩይም ተነሳ። ማንም ሳይነካው እጁን ሰቅሎ «ተመታሁ» አለና ተከተለው።

ኔጊሺ ድንኳኑ ሥር ተቀምጦ አንገቱን ያሽ ነበር፤ የተመታበት ቀልቷል።

«ቀዩን ጨርቅ አላየኸውም?»

«ሰውየውንስ መች አየሁና።»

«ጠዋት ገብቶኝ ነበር» አለ ኔጊሺ። «አንተ ራስህ ትነግረኛለህ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ዋኩይ ነገረው። ኔጊሺ እየሰማ ፊቱ ተለዋወጠ።

«እና ዛሬ በዚያ ፈጣን መንገድ እኔን ጭነህ እንደ ጥይት ስትከንፍ…!»

«ግራው ደኅና ነው እኮ። ሁለቱን ስከፍት አንዱ አንዱን ይረዳዋል።»

«ባለፈው በዕቃ መጋዘኑ በር የጭነት መኪናህን የጎን መስታወት የገነጠልከውም አንዱ አንዱን ሲረዳው ነው? ስማኝ ዋኩይ፤ ነገ መንገድ የሚያቋርጥ ሰው ብትገጭ፣ እሱም እጁን አንስቶ ‹ተመታሁ› ብሎ ይሄድልሃል?»

 «ከመንዳት ሌላ የማውቀው ሥራ የለም» አለ ዋኩይ። «ደግሞ ደክሞኛል፣ ኔጊሺ። መደበቁ ራሱ ከመንዳቱ ይበልጥ ያደክማል።»

«ይገባኛል። የመኪናውን ቁልፍ አምጣ።»

ሰጠው።

ኔጊሺ መኪና ከነዳ ዘመናት አልፈዋል። ከሜዳው ሲወጣ ሞተሩ ደጋግሞ ጠፋበት፤ መንገድ ላይም ከኋላ ያለው ሁሉ ጡሩምባ ነፋበት። «ይንፉ! ሳንባቸው እስኪፈነዳ ይንፉ!» እያለ መሪውን እንደ ፍየል ቀንድ ጨምድዶ ይዞ ነዳ። ዋኩይ በሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ ይሞት ነበር። አሁን ግን ራሱን መስኮቱ ላይ ጥሎ አንቀላፋ።

ማታ ለሚስቱ ለሃሩኤ ነገራት። ሃሩኤ ሳህን ማጠቧን አቁማ በእርጥብ እጇ አገጩን ያዘችና ፊቱን ወደ መብራቱ አዞረችው።

«ሰሞኑን አንገትህን ጠምዝዘህ የምታወራኝ ለዚህ ነው?»

«ለዚህ ነው።»

«እኔ ደግሞ ፊቴን ማየት ያስጠላህ መስሎኝ» አለች፣ ድምጿ ተሰብሮ።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ለአለቃው ደውሎ የዓይኑን ነገር ነገረው። አለቃው መጀመሪያ «ታዲያ ዛሬ ማን ይነዳልኛል?» አለ፤ ከዚያ «እሺ፣ ሂድና ታከም» ብሎ ዘጋ። ዓይን ሐኪም ቤት ያለችው ሐኪም ጊዜ ወስዳ አየችው። የጠፋው እንደማይመለስ፣ የቀረውን ግን ዓይኑ ውስጥ በሚወጋ መርፌ ለማቆየት እንደሚሞከር ነገረችው። መርፌውን እዚያው ተወጋ።

በሐኪም ቤቱ በር ላይ ኔጊሺ ከሥራው አስፈቅዶ ቆሞ ጠበቀው።

«ያማል?» አለ።

«የለም፣ ያስፈራል እንጂ አያምም። መኪና ይዘህ ነው የመጣኸው?»

«አበድኩ እንዴ? በባቡር ነው።»

ዋኩይ የጓደኛውን ክንድ ያዘና ቀስ ብለው ወደ ባቡር ጣቢያው ወረዱ።