ከድንጋዩ ወዲህ

እኔን ምስክር ብሎ የሚቆጥር ጠፋ። የአምቡላንሱ ሾፌር ሊባረር ነው ሲሉኝ የከተማው ጤና ቢሮ በር ላይ ብቆም፣ ጥበቃው ከላይ እስከ ታች አየኝና «እማማ፣ ይሄ የወሰን ጉዳይ ነው፤ ለተማረ ሰው ይተዉት» አለኝ። ወሰን! የወሰኑ ድንጋይ የቆመው የእኔ ጎመን መደብ ላይ ነው። ጎመኔን ረጋግጠው ሲተክሉት ማን ጠየቀኝ?

ለማያውቅ ልንገር። ዋና ከተማው መሃል ነው፤ ክልሉ ዙሪያውን ከቦታል። ከድንጋዩ ወዲያ ከተማ፣ ወዲህ ክልል። ጎረቤቴ ጎሚስታው የከተማ ሰው ነው፣ እኔ የክልል። እሱ ጎማ ቤቱ ሆኖ ሲያስነጥስ እኔ ከጓዳዬ «ይማርህ» እለዋለሁ፤ እንዲህ ነው ርቀታችን። የክልላችን አምቡላንስ ግን የሚቆመው ከከተማው ማዶ፣ በዚያኛው ጫፍ ነው። እኛ ጋ እስኪደርስ በሽተኛው ወይ ይድናል ወይ ይቀበራል።

ስለዚህ በእኛ ሰፈር ሰው ሲታመም ተሸክመን ጎሚስታው ደጅ እናወጣውና የከተማውን አምቡላንስ እንጠራለን። ሾፌሮቹም ያውቃሉ፤ ትንፍሽ የሚል የለም። ጎሚስታው ብቻ «ደጄ ላይ የሚወድቀው ሰው ብዛት! ጎማ ሳይሆን መርዝ የምሸጥ መሰለ እኮ» እያለ ያጉረመርማል።

ልጄ ምጥ የያዛት ቀን ዝናቡ ያወርደዋል። ባሏ እንደ ወጉ «ጎሚስታው ጋ ነን» ብሎ ደወለ። ጎረቤት ተሰብስቦ ሊያነሳት ሲል ግን ደሙ ፈሰሰ፤ ነክተው ተዉአት። አምቡላንሱ መጥቶ ባዶ ደጅ ላይ ቆመ። ነጠላዬን እንኳ ሳልደርብ ሮጥኩ።

«የታለች ታማሚዋ?» አለ ሾፌሩ በመስኮት።

«ቤቴ። ያ ጣሪያው የሚታየው።»

ወደ ድንጋዩ አየ። «እማማ፣ እሱ እኮ ክልል ነው። ወደዚህ አምጧት።»

«የምትመጣ ብትሆን አንተን ምን አስለመነኝ? አፍህን ከምትከፍት በርህን ክፈት!»

«መኪናዋ ድንጋዩን ካለፈች ሥራዬ አለቀለት። ልጆች አሉኝ፣ እናቴ።»

«እኔም አንድ አለችኝ።»

ሞተሩን አጠፋ። «መኪናዋ አታልፍም ተብያለሁ፤ ስለ እግሬ ያዘዘኝ የለም» ብሎ ወረደ። ቃሬዛውን ጭንቅላቱ ላይ ደፍቶ፣ ነርሷን አስከትሎ ጭቃውን ገባበት። ነርሷ ደሙን እስክታስቆም፣ እሱ ጣሪያዬ የሚያፈስበት ስር ባልዲ እየደፋ ሲመልስ ቆየ። ነርሷ ስትፈቅድለት ከልጄ ባል ጋር ቃሬዛውን ተሸክሞ፣ ሁለቴ እየተንበረከከ፣ ልጄን መኪናዋ ጋ አደረሳት። ሐኪም ቤት ገብታ ወለደች። እናትም ልጅም ይኸው አሉ፤ ሕፃኗማ ጩኸቷ እኔን ነው።

እሱን ግን «መኪና ጥለህ ክልል ገባህ» ብለው ቁልፉን ተቀበሉት።

ጥበቃው ሲያዛጋ ገባሁ። ኃላፊው ወጣት ነው፤ ደህና አሳዳጊ እንዳለው ያስታውቃል፣ ተነስቶ ወንበር ሰጠኝ። ሁሉንም ነገርኩት። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ልቤ ከእርስዎ ጋር ነው፣ እናቴ። ግን እርስዎ የክልሉ ነዋሪ ነዎት። የክልሉን ቢሮ ቢያነጋግሩ ነው የሚሻለው።»

«እሱ የት ነው?»

አፈረ መሰለኝ፤ በመስኮቱ አሳየኝ። ከመንገዱ ማዶ ያለው ፎቅ! እዚያው ከተማው ውስጥ።

«እነሱስ የተሻገሩት በየት በኩል ነው?» አልኩት። «ለወንበር መሻገር ከተፈቀደ ለደም ምን ከለከለው?»

አቀርቅሮ እስክሪብቶውን ያሽከረክር ጀመር። ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈርቷል እንጂ። ያም ሾፌር ፈርቶ ነበር፤ ግን ወረደ።

«ስማ ልጄ» አልኩት፣ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አድርጌ። «ይሄን ወንበር የሰጠኸኝ አንተ ነህ፣ አልነሳልህም። ያንን ሰው አስጠራው፤ ቁልፉንም እኔ እያየሁ በእጁ አስቀምጥለት። ስልኩ ይኸው አጠገብህ ነው፤ አንሳው!»