ከአበልጅ የተገዛች መኪና

ቀናው ከጎጃም ተመድቦ ጅጅጋ የመጣ የሒሳብ መምህር ነበር። ሚስቱ እሌኒ ደግሞ ቀብሪበያ ታስተምራለች። ሰኞ ማለዳ በጭነት መኪና ተሳፍራ ትሄዳለች፤ ዓርብ አቧራ ለብሳ ትመለሳለች። ልጃቸው ከእናቱ ይልቅ ሞግዚቷን እናት እያደረገ ሲመጣ ቀናው አላስችል አለው። መኪና ሊገዛ ቆረጠ።

በ1976 ዓ.ም. የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ የነበረው የልጁ የክርስትና አባት መርሻ ወደ ድሬዳዋ እንዲዛወር ታዘዘ። ሰማያዊ የቤት መኪናውን ሊሸጥ እንደሆነ ለቀናው ነገረው።

«ለባዕድ ከምሰጣት ለአበልጄ ብትሆን ይሻለኛል። ቀለሟን ያሳደስኩት ባለፈው ወር ነው። ሙሽራ ናት።»

ቀናው መጀመሪያ ለዐብዱልቃድር ሊያሳያት ፈለገ። ዐብዱልቃድር ከገበያው ጀርባ ጋራዥ ያለው መካኒክ ነው። ሁለቱን ወንዶች ልጆቹን ቀናው ስላስተማረለት «መዓሊን» ይለዋል፣ መምህር ለማለት። ያን ሳምንት ግን ለለቅሶ ድንበሩ አጠገብ ወዳለችው ሀርሺን ሄዶ ነበር።

«ቅዳሜ ይመለሳል፤ እሱ ይያትና እንነጋገር» አለ ቀናው።

መርሻ ፊቱን አጠቆረ። «እኔ ሐሙስ ተነሺ ነኝ። ደግሞስ መካኒክ ጉድለት ካላወጣ ምን ይበላል? እኔን ካላመንከኝ ግን ተወው።»

ቀናው የልጁን የክርስትና አባት አላምንህም የሚልበት አፍ አጣ። ረቡዕ ተፈራረሙ።

የመጀመሪያዎቹ ወራት የደስታ ነበሩ። ረቡዕና ዓርብ ከትምህርት በኋላ እየሄደ እሌኒን ያመጣታል። እየቆየ ግን መሪው ወደ ግራ መሳብ ጀመረ። የግራው የፊት ጎማ በአንድ ጎኑ ብቻ ተበልቶ ያልቃል፤ ቢቀይረውም አዲሱ ያው ይሆናል። ዐብዱልቃድር ሁለት ጊዜ ከጋራዡ በር ላይ ተጣርቶ፣ «መዓሊን፣ እቺን መኪና አምጣት፣ ልያት!» ብሎታል። ቀናው ሳይጠብቀው መግዛቱ ስላሳፈረው በመስኮት እጁን እያወዛወዘ «ነገ» ይላል።

በግንቦት 1977፣ አንድ ዓርብ ከቀብሪበያ ሲመለሱ፣ ከተማው ሊገቡ ጥቂት ሲቀራቸው የግራው የፊት እግር፣ ጎማውን የሚይዘው ብረት፣ ተሰበረና መኪናዋ ቦይ ውስጥ ገባች። ቀናው ግንባሩን ብቻ ተላጠ። የእሌኒ ቀኝ እጅ ግን ከአንጓው ላይ ደቀቀ።

መኪናዋን ጎትቶ ያወጣው ኢሴ የሚባል የጭነት መኪና ሹፌር አጎንብሶ ከሥር አየ። «ተሰብሮ የተበየደ ነው» አለ። «እንዲህ የሚበይድ ደግሞ ከዐብዱልቃድር ሌላ የለም።»

ቀናው ሌላ አልጠየቀም። በማግስቱ ጋራዡ በር ላይ፣ በመንገደኛው ሁሉ ፊት፣ «አንተ ሌባ! የተሰበረ ብረት ሸፋፍነህ ሚስቴን ልትገድላት!» ብሎ ጮኸበት።

ዐብዱልቃድር ዘይት የነካ እጁን በጨርቅ ጠረገ። «መዓሊን፣ መጀመሪያ አበልጅህን ጠይቀው።»

«የሰው ስም አታጥፋ!»

ቀናው ቤቱ ገብቶ ለቀበሌ አቤቱታ ጻፈ። «ሆን ብሎ በፈጸመው አሻጥር» የሚለውንም በራሱ እጅ አሰፈረ። ያኔ በአብዮቱ ዘመን «አሻጥር» የተባለበት ሰው ምን እንደሚደርስበት ያውቃል። አውቆ ጻፈው። ዐብዱልቃድር ሃያ አንድ ቀን ታሰረ፤ ጋራዡ ታሸገ። ሲፈታ የቀሩትን ዕቃዎች ጭኖ ከነቤተሰቡ ከተማውን ለቀቀ።

ሦስት ዓመት አለፈ። የእሌኒ እጅ ዳነ ቢባልም ጠመኔ መያዝ ስላልቻለች ማስተማሯን ትታ መዝገብ ቤት ተመደበች። ቀናው በ1980 ክረምት ለፈተና እርማት ድሬዳዋ ወርዶ መርሻ ቤት ለምሳ ተጋበዘ። የመርሻ ሚስት አትጠገብ ስለ እሌኒ እጅ ስትሰማ አለቀሰች።

«እቺ መኪና እኛንስ ልትፈጀን አልነበረ? ካራማራ ላይ የተገለበጥን ጊዜ በማርያም ተረፍን። ያ ደግ መካኒክ፣ ዐብዱልቃድር፣ ‹ቤታችሁ እንድትደርሱባት ያህል በይጄላችኋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ሰው አትጫኑባት፣ ለመለዋወጫ ሽጧት› ብሎ ነበር። መርሻ ሲሸጥልህ እንደነገረህ።»

ቀናው ወደ መርሻ ዞረ። መርሻ ቀና አላለም።

«ልነግርህ ነበር።»

«መቼ?»

ቀናው እጁን ሳይታጠብ ወጣ።

ጅጅጋ እንደተመለሰ ዐብዱልቃድር ሀርሺን መግባቱን ጠይቆ አወቀና ወደዚያ ተሳፈረ። ከድንበሩ ማዶ ጦርነት ስለነበር መንገዱ ፍራሽና ድስት ተሸክሞ በሚሸሽ ሰው ተሞልቷል። ዐብዱልቃድርን ያገኘው አንድ የተበላሸ የውሃ ፓምፕ ፈታትቶ ሲጠግን ነው። ከስቷል። አንገቱን ቀና አድርጎ አየው።

«መዓሊን። የእሌኒ እጅ እንዴት ሆነ?»

ቀናው መሬት ላይ ተቀመጠ። «ይቅር በለኝ። አሻጥር ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ወረቀቱን አንብበውልኛል።» ሻይ አስመጣለት። «እኔ ይቅር ብያለሁ፤ አላህም ይቅር ይበልህ።»

«እንግዲያስ ተመለስ። በሰው ፊት እንደሰደብኩህ በሰው ፊት ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። ጋራዡንም አብረን እንከፍታለን።»

ዐብዱልቃድር መፍቻውን አስቀመጠ። «ልጆቼ ያኔ ትምህርት አቋረጡ። ትልቁ ከከብት ነጋዴ ጋር ይዞራል። ትንሹ የት እንዳለ አላውቅም። የትኛውን ትመልስልኛለህ?» በድምፁ ቁጣ አልነበረም። ወደ ፓምፑ ተመለሰ።

ቀናው ቤቱ ገብቶ ሁሉንም ለእሌኒ ነገራት።

«ያን ወረቀት ስትጽፍ አጠገብህ ነበርኩ» አለች። «እጄ ያመኝ ስለነበር ተው አላልኩህም። የዐብዱልቃድርን ሚስት እኔ ራሴ ሄጄ ይቅርታ ልጠይቃት።»

መስከረም ሲጠባ ሁለቱም ሀርሺን ሄዱ። ፓምፑ ይሠራል። ሴቶች ጀሪካን ይዘው ተሰልፈዋል። ዐብዱልቃድር ግን ከነቤተሰቡ ከሄደ ሳምንት ሆኖታል፤ የት እንደሄደ የሚነግራቸው ሰው አላገኙም።