ሳሙና ያቀላል ወይ?

ታየች መጀመሪያ የተናደደችው ለእርዷ ነበር። የሳይንስ አስተማሪያቸው “ቤታችሁ ሞክሩት” ብሏቸው ልጇ ሳቢት አንድ ብልቃጥ እርድ በአረቄ በጥብጣ ጨረሰችባት። የደብተር ወረቀት ነከረችበት፤ ከዚያም በቁመቱ እየቀደደች የልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ደረደረችው። ዘመኑ 1970 ዓ.ም. ነው፤ ጉለሌ ውስጥ ሰው ባዶ ወረቀት በኪሱ ይዞ መሄድ የሚፈራበት ጊዜ። ይቺ ደግሞ ቢጫ ወረቀት እንደ ባንዲራ ትሰቅላለች!

“እዪ እማዬ፣ ሎሚና አቼቶ አሲድ ናቸው፤ ምንም አያደርጉትም። አመድ፣ ሳሙና፣ ኖራ ግን ቤዝ ናቸው፤ ያቀሉታል” አለች ሳቢት።

“ይህን ለማወቅ ነው እርዴን የፈጀሽው? እርድ የነካው ነጠላ በሳሙና ሲታሽ እንደሚቀላ እኔን አትጠይቂኝም ነበር?”

ያስገረማት ሌላው ነበር። ሳቢት በቀላው ወረቀት ላይ ሎሚ ጠብ ስታደርግበት ተመልሶ ቢጫ ሆነ። ታየች ኩርፊያዋን ረስታ “እስቲ ድገሚው” አለቻት።

በማግስቱ ጠዋት የቀበሌው ሱቅ ግድግዳ ላይ በኖራ የተጻፈ ፀረ-መንግሥት መፈክር ተገኘ። ሰፈሩ ከመንቃቱ በፊት ትልቁ ልጇ ዓምሃ ሹልክ ብሎ ሲገባ ታየች አይታው ነበር። የሸሚዙ እጅጌ ነጭ ነው፤ የጣቶቹን ጫፍ ኖራው ልጦታል። ምን ልትለው? ሸሚዙን አስወልቃ ውሃ ውስጥ ነከረችው፤ እሱንም “ተኛ” አለችው። ራሷ ግን መቀመጥ አቃታት፤ የተጠረገውን ደጅ ደግማ ጠረገችው።

ረፋዱ ላይ የቀበሌው ጓድ ታረቀኝ ሁለት ጥበቃዎች አስከትሎ ግቢውን ረግጦ ገባ። ይህ ሰው ከአብዮቱ በፊት ለሠርግ ወንበር ያከራይ ነበር፤ አሁን ሰው ሁሉ እሱ ካላዘዘ አይቀመጥም። ዓይኑ ገመዱ ላይ አረፈ።

“ይሄ ምንድን ነው?”

“የአሲድና የቤዝ ወረቀት ነው” አለች ሳቢት።

“የምን ቤዝ?”

ጥበቃዎቹ ጠመንጃቸውን አቀባበሉ። በዚያን ጊዜ “ቤዝ” ማለት መሣሪያ አንስተው ጫካ የገቡት ወጣቶች ሰፈር ነበር። ልጅቷ ይህን ከየት ታውቀው? እሷ የምታውቀው ብልቃጥ ውስጥ ያለውን ቤዝ ነው።

“የሳይንስ ነው! ቤዝ ማለት... እ... ማለቴ እንደ ኖራ ያለ ነው! ወረቀቱን ኖራ ሲነካው ይቀላል!”

ታየች መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ጓድ ታረቀኝ አንድ ወረቀት ከገመዱ ላይ መነጨቀ፤ በውሃ አራሰው፤ ወጥቶ ሱቁ ግድግዳ ላይ ለጠፈው። ሲመለስ ወረቀቱ ደም መስሏል፤ እሱም ፈገግ ብሏል።

“በዚህ ግቢ ያለ ወጣት ሁሉ ይሰለፍ! እጁን እናየዋለን።”

“ልጄ ተኝቷል፤ ልቀስቅሰው” ብላ ታየች ወደ ቤት ገባች። ሎሚ በቢላ ከፈለች። የዓምሃን እጅ ይዛ ጣት በጣት፣ ጥፍር በጥፍር አሸችው። የተላጠው ቆዳ ሲያቃጥለው ከንፈሩን ነከሰ እንጂ ድምፅ አላሰማም። ከዚያ በቀሚሷ አደረቀችለትና ገፍታ አስወጣችው።

ሦስት ወጣቶች ተሰለፉ። የመጀመሪያው መዳፍ ላይ ወረቀቱ ቢጫ ሆኖ ቀረ። ዓምሃም እጁን ዘረጋ፤ ወረቀቱ አሁንም ቢጫ ነው። ታየች ትንፋሿ ተመለሰ።

የመጨረሻው ሸፊ ነበር፤ የጎረቤቷ የባዩሽ አንድያ ልጅ። እናቱ አዲሱ ገበያ ወርዳለች። እሱ ሲጠሩት ቧንቧው ሥር ሳሙና እየመታ ነበርና፣ ሳይለቃለቅ እጁን በሱሪው ጠርጎ ነው የመጣው። ወረቀቱ መዳፉን እንደነካ ቀላ።

“ሳሙና ነው! ስታጠብ እኮ ነው የጠራችሁኝ!”

“ሳሙና?” ጓድ ታረቀኝ ወደ ሳቢት ዞረ። “አንቺ ሳይንቲስት፣ ሳሙና ያቀላል ወይ?”

ሳቢት አፏን ከፈተች። ታየች በዚያች ቅጽበት ሁሉም ታያት። ልጅቷ “አዎ” ካለች ሰውየው እንደገና ይጀምራል፤ እጅ ያያል፣ እጅ ያሸታል፤ ዓምሃ ደግሞ ሎሚ ሎሚ ይሸታል። የልጇን አፍ በመዳፏ ከደነችው።

“እሷ ምን ታውቃለች፣ ሕፃን ናት። ዕድሜ ልኬን ልብስ ሳጥብ የኖርኩት እኔ ነኝ። ሳሙና ያነጣል እንጂ መች ያቀላል?”

“እትዬ ታየች!” አለ ሸፊ። እያዳፉ ወሰዱት።

ዓምሃ በዚያው ቀን ሱሉልታ አጎቱ ዘንድ ሄደ። ሳቢት ወረቀቶቿን ለቅማ እሳት ውስጥ ጨመረቻቸው፤ ከእናቷም ጋር መነጋገር ተወች። ባዩሽ ጠዋት ጠዋት ለልጇ ስንቅ ይዛ ወደ ቀበሌው እስር ቤት ትመላለሳለች። ያያት ሁሉ አንገቱን እየደፋ ስለሚያልፍ ግቢው ውስጥ የሆነውን የነገራት አልነበረም። ታየች ዘይቱንም ሽንኩርቱንም ታቀብላታለች። ባዩሽ ደግሞ “ልጆችሽን ያሳድግልሽ” ብላ ትመርቃታለች። ያ ምርቃት ታየችን እንቅልፍ ነሳት።

አንድ ጠዋት ታየች ደጅ ልብስ ስታጥብ ባዩሽ ገባች። የምሳ ዕቃው በእጇ ነው፤ ምግቡ አልተነካም። በዚያ ዘመን ስንቅ ሲመለስ እስረኛው በሕይወት እንደሌለ የማያውቅ አልነበረም።

“መለሱልኝ፣ ታዩ። ከእንግዲህ አታምጪ አሉኝ።”

አታለቅስም። እንዴት ይዛው እንደመጣች እንጃ፣ የድንች አልጫው ፈስሶ ነጠላዋን ቢጫ አድርጎታል። ባዩሽ ያላለቀ ሥራ እንዳለባት ሰው ሳፋው አጠገብ ቁጭ አለች፤ ሳሙናውን አነሳችና ነጠላዋን ማሸት ጀመረች። ቢጫው ወዲያው ቀላ። እሷ ልብ አላለችውም፤ እርድ በሳሙና ሲቀላ ስታይ ነው የኖረችው።

ሳቢት በሩ ላይ ቆማ ታያት ነበር።

“ሸፊ ሳሙና ነው ብሎ ነበር” አለች።

የባዩሽ እጅ ቆመ። “ምኑ?”

“ወረቀቱን ያቀላው። በእርድ የተነከረ ወረቀት ነበር። ስታጠብ ነው የጠራችሁኝ ብሏቸው ነበር።”

ባዩሽ እጇ ላይ ያለውን ቀይ ነጠላ አየች። ከዚያ ቀስ ብላ ቀና አለችና ታየችን አየቻት።

“አንቺ እዚሁ ነበርሽ አይደል፣ ታዩ? ምን አልሽ?”

ታየች ሳፋው ውስጥ ያለውን አረፋ እያየች መለሰች።

“አያቀላም አልኩ።”