የአጥንት ቀን

ተሰሎንቄ ባለ አንድ ሆስፒታል የተጎዳ እጅ የሚታከመው በቀን መቁጠሪያ ነው። ቀኑ ጎዶሎ ቁጥር ከሆነ ለአጥንት ክፍል፣ ሙሉ ከሆነ ለፕላስቲክ ሰርጀሪ። ሁለቱ ፕሮፌሰሮች እንዲህ የተካፈሉት ዓይንና ናጫ የሆኑ ጊዜ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አንዱ ክፍል የሌላውን በር አያንኳኳም። ጦሱ የተረፈው ለተማሪዎቻቸው ነው።

አርጊሮ በአጥንት ክፍል የመጨረሻ ዓመት ሬዚደንት፣ ስፔሻሊስት ለመሆን የምትማር ሐኪም ናት። የተሰበረ ጣት በሽቦ ለማቆም የሚወዳደራት የለም። የደም ሥር በማይክሮስኮፕ የሰፋችው ግን በዶሮ ጭን ላይ ብቻ ነው። ጓደኛዋ ኮስማስ በፕላስቲክ ሰርጀሪ፣ ቀጭን የደም ሥር እየቀለደ ይሰፋል፤ አጥንት ሲሰጡት ላብ ያጠምቀዋል። "ሁለታችን ብንጨፈለቅ አንድ የእጅ ሐኪም ይወጣን ነበር" ይላታል።

ጃንዋሪ ሠላሳ አንድ፣ አመሻሽ ላይ፣ አቶ አነስቲስ መጡ። የንብ ቀፎ የሚሠሩ አናጺ ናቸው። መጋዝ የቀኝ አውራ ጣታቸውን ከሥሩ ወስዶታል። ሚስታቸው ጣቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ላስቲክ ውስጥ አድርገው፣ በረዶ ላይ አስቀምጠው ነው ያመጡት። ምንም አላጎደሉም።

ጣቱ ተመልሶ እንዲተከል ከአጥንቱ ሌላ የደም ሥሩም መሰፋት አለበት፤ አርጊሮ ለኮስማስ ደወለች።

"ናልኝ።"

"አበድሽ እንዴ? በእናንተ ቀን? አለቃዬ ከሰማ ነገ ሻንጣዬን ነው የምይዘው። ይልቅ ጣቱን ፍሪጅ ውስጥ አቆዪው። በብርድ አድሮ የተረፈ ጣት አይቻለሁ። ጠዋት ተራው የኛ ነው፤ ራሴው እገባለሁ።"

ልቧ ቅቤ ጠጣ። ተመልሳ ሽማግሌውን፣ "እስከ ጠዋት ይታገሱኝ፤ እጁ የተባረከ ሐኪም ይመጣልዎታል" አለቻቸው።

"ይሁን ልጄ፣ አንቺ ካልሽ።"

ጠዋት ኮስማስ ኮሪደር ላይ ጠበቃት። ፊቱ አመድ መስሏል።

"አርጊሮ፣ ዛሬ ስንት ነው?"

"ፌብሩዋሪ አንድ…"

ከሠላሳ አንድ ቀጥሎ አንድ ነው፤ ጎዶሎ በጎዶሎ ላይ። ዛሬም የአጥንት ቀን ነው።

"አለቃዬን እግሩ ሥር ወድቄ ለመንኩት" አለ ኮስማስ። "'ተራችን አይደለም፤ ከገባህ እንዳትመለስ' አለኝ።"

ወደ ራሷ አለቃ ወደ ፕሮፌሰር ቭሬቶስ ሮጠች።

"እነሱን ጠርተን አቃተን ልንል ነው?" አላት ጫማውን እየቀየረ። "አንቺ አለሽ አይደል?"

የአቶ አነስቲስን ፀጉር ሚስታቸው አበጥረውላቸዋል።

"ያ ሐኪም መጣ?"

"አልመጣም አባባ። እኔ ነኝ የምገባው።"

"ያንቺስ እጅ ምን አለው?" ብለው ደህነኛውን እጃቸውን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉ። ያን ጊዜ መሬት ብትውጣት በወደደች።

አጥንቱን ሳትቸገር አቆመችው። ማይክሮስኮፑ ሥር ግን የሰፋችው የደም ሥር ተቀደደ፤ ደግማ ሰፋችው፤ ደም ረጋበት። ኮስማስ ከበሩ መስታወት ውጭ ቆሞ ያያል። ሁሉንም ጠላች፤ ፕሮፌሰሮቹን፣ እዚያ የቆመውን ኮስማስን፣ ከሁሉም አብልጣ ራሷን።

ከቀናት በኋላ ጣቱ ጠቆረ። ቆርጣ የጣለችውም እሷው ናት።

ሰንበት ብሎ ፕሮፌሰር ቭሬቶስ አጥንቱ ከቆመ በኋላ፣ ጣቱ ዳግም ሳይቆረጥ የተነሳውን ራጅ ለአዲሶቹ ሬዚደንቶች አሳየ። "አጥንት እንዲህ ነው የሚቆመው። የአርጊሮ ሥራ ነው" አላቸው። ልጆቹም ወደ እሷ ዞረው አጨበጨቡላት።