የአራስ ሰንጢ

ልጄ ስታማኝ፣ «አባ ከቤት ሲወጡ ቁልፋቸውን ይረሳሉ እንጂ ሰንጢያቸውን አይረሱም» ትላለች። ትማኝ፣ እውነቷን ነው። እዚህ እስራኤል፣ ሐደራ ከተማ፣ ነቬ ሐይም ሰፈር ያለው ቤቴ ደጃፍ ላይ ቁልፍ ረስቼ የቆምኩበት ጊዜ ስፍር ቁጥር የለውም። ግን ምን ቸገረኝ? የወጥ ቤቱን መስኮት በሰንጢዬ ፈልቅቄ እገባለሁ። ሰንጢ ደግሞ መስኮት ብቻ አይከፍትም። ብርቱካን ይልጣል፣ ገመድ ይቆርጣል፣ እሾህ ያወጣል። ኢንዱስትሪ ዞን የምሠራበት ብረታ ብረት ቤት ውስጥ ነገር የተበላሸበት ሁሉ «ሙሉሰው፣ ኦላር!» እያለ ነው የሚጣራው። ኦላር በእነሱ ቋንቋ ሰንጢ ነው። ከዕብራይስጥ መጀመሪያ የያዝኩት ቃል እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ጎንደር፣ አምቦበር ሳለን አባቴም አያቴም ቀጥቃጮች ነበሩ። ማረሻና ማጭድ የሠራንላቸው ሰዎች ቀን ያመሰግኑናል፣ ማታ ቡዳ ይሉናል። እሱን ተዉት፣ ደሜ ይፈላል። ሰንጢ መሰብሰብ የጀመርኩት ግን እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ነው። አሣ አጥማጆች መንጠቆ የሚያኖሩበት ባለ ብዙ ክፍል የፕላስቲክ ሳጥን አለኝ፤ በየክፍሉ አንዳንድ ሰንጢ ተኝቶበታል። አጋዘን የተቀረጸበት አለ፤ ሐደራ ገበያ ዳር ጨርቅ አንጥፎ ከሚሸጥ ሩስያዊ የገዛሁት። እሱ አማርኛ አያውቅ፣ እኔ ሩስኛ አላውቅ፣ ዕብራይስጡ ለሁለታችንም ገና፤ ስለቱን በአውራ ጣታችን እየዳሰስን ተግባባን። መጀመሪያ ያረፍንበት የጽፋት ከተማ ሆቴል ዘበኛ የሰጠኝ፣ እጀታው የወይራ እንጨት የሆነም አለ። ሄጄ ሰንጢ ሳልይዝ የተመለስኩበት አገር የለም።

አንዷ ግን ሳጥን ውስጥ አትገባም። እሷ የወርቂቱ ናት።

ወርቂቱ ባለቤቴ ነበረች። ነፍሰ ጡር ሳለች ነው ስለቷን ቀጥቅጬ፣ እጀታዋን ከበሬ ቀንድ አውጥቼ ያችን ሰንጢ የሠራሁላት። በእኛ በቤተ እስራኤሎች ዘንድ አራስ ያለ ብረት አትቀመጥም። ስትተኛ ትራሷ ስር ታደርገዋለች፣ ወደ ውጭ ስትወጣ በእጇ ትይዘዋለች፤ ክፉ ነገር ብረት ይፈራል። ያን ጊዜ አራስ ከሰው ተለይታ በራሷ ጎጆ ትከርማለች፣ ለሴት ልጅ ሰማንያ ቀን፤ ወንድ አይጠጋትም። እናም ሰንጢዋን ጎጆውን በከበቡት ድንጋዮች ላይ አኖርኩላትና ራቅ ብዬ ቆምኩ። ወጥታ አነሳቻት።

«ትቆርጣለች?» አለችኝ ከሩቅ።

«ሞክሪያታ!» አልኳት።

ከጎጆው ውስጥ ልጄ ስታለቅስ ይሰማኛል። ሳላያት፣ ሳላቅፋት፣ ድምጿን እየሰማሁ ብቻ ከረምኩ።

ወርቂቱ አዲስ አበባ አውሮፕላኑን ስንጠብቅ ታማ ሞተችብኝ። እዚህ አገር ሰው ዘጠና አንድ በሚለው ዓመት፣ ያ እኛን በአውሮፕላን የጫነ ዘመቻ ሲመጣ፣ ዕቃ ይዞ መሳፈር ክልክል ነው አሉን። ሁሉን ጣልኩ። ሰንጢዋን በጋቢዬ ጫፍ ቋጥሬ፣ በአንድ እጄ ልጄን ይዤ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ስሄድ ከእኔ ተለይታ አታውቅም። የዛሬ ሁለት ዓመት የወርቂቱን መቃብር ለማየት አዲስ አበባ ስሄድ፣ ሎድ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ከኪሴ አገኟት። ፈታሿ ልጅ እግር ናት። «ይቺ ለምንህ ናት?» አለችኝ። ዕብራይስጥ አንቱ አያውቅም፣ ትንሽ ትልቁ አንተ ይለኛል። «መንገደኛ ነኝ» አልኳት። ከዚህ በላይ ምን ይባላል? ሳቀችና ፖስታ ውስጥ ከታ ለአውሮፕላኑ ሰዎች ሰጠችልኝ። አዲስ አበባ ስንወርድ አስተናጋጇ «የኦላሩ ባለቤት ማነው?» እያለች ስትጣራ አውሮፕላን ሙሉ ሰው ዞሮ አየኝ። ደረቴን ነፍቼ ተቀበልኩ።

ልጄን አስመረች ብዬ ነበር ስም ያወጣሁላት። እዚህ ትምህርት ቤት ሃዳስ አሏት፣ እሷም ወደደችው፣ ሃዳስ ሆና ቀረች። አዳሪ ትምህርት ቤት ስትገባ ከሳጥኔ ትንሿን ቀይ ሰንጢ «ለመንገድ» ብዬ ሰጠኋት። ፊቷን አጨማደደች። «ኡፍ አባ! እዚህ አገር ሴት ልጅ ሰንጢ አትይዝም» አለችኝ። በዓል ላይ ስትመጣ «የታለች? አሳዪኝ እስቲ» ብላት፣ ጠፋብኝ አለች። አንጀቴ እርር አለ።

ይኸው ዘንድሮ ሃዳስ ወለደች። ወንድ ልጅ! ባሏ ኢታን የተጠባባቂ ውትድርና ተጠርቶ ሰሜን ጠረፍ ላይ ነው። የኢታን እናት ገና ጎንደር ናት፣ ወደዚህ ለመምጣት ወረፋ ስትጠብቅ። ወርቂቱ የለች። እልል የሚል ሴት እንኳ ጠፋ እኮ! የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ እኔው ልሞክር ብዬ፣ ድምፄ ሲወጣ ራሴም ደነገጥኩ፣ ተውኩት።

በማግስቱ እኔው ራሴ ገንፎ አገነፋሁ። ጓጎለ፣ ግን ገንፎ ነው። ወርቂቱ ብትኖር የምታደርገውን ሁሉ አደርጋለሁ ብያለሁ፤ ገንፎውም ሰንጢውም። ያን ሰሞን በየበሩ ፍተሻ ነው። የሆስፒታሉ ዘበኛ ባዬ የእኛው ልጅ ነው። «ጋሼ ሙሉሰው፣ የተለመደውን ያምጡ» አለኝ፤ አጋዘኑን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት። የወርቂቱን ግን ከገንፎው ሥር በጨርቅ ጠቅልያታለሁ። የቅቤው ሽታ ሲመጣበት ባዬ ምራቁን ዋጠና «ይግቡ ይግቡ» አለኝ።

ሃዳስ ገላዋን ልትታጠብ ስትገባ ሰንጢዋን ትራሷ ስር አደረግኳት፣ እንደታጠፈች፣ በራስጌ በኩል። አልነገርኳትም። ብነግራት ያው «ኡፍ አባ» ነው። ገንፎውን ሁለቴ ጎርሳ «ይጣፍጣል» አለችኝ። ውሸቷን ነው፣ ግን ደስ አለኝ። ልቤ እፎይ ብሎ ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

በሚቀጥለው ቀን ከሥራ በቀጥታ ስመጣ አልጋው አዲስ አንሶላ ለብሷል። ሃዳስ ወንበር ላይ ተቀምጣ ዓይኗ አብጧል። ፊት ለፊቷ ሃዳር የምትባል ልጅ እግር አለች፤ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ናት። መስኮቱ ጋ ያለው ጠረጴዛ ላይ፣ ሳህን ውስጥ፣ የወርቂቱ ሰንጢ ተቀምጣለች። አንሶላ ሲቀይሩ አግኝተዋታል።

«አባ፣ ልጄን አናመጣም አሉኝ» አለችኝ ሃዳስ። ሕፃናቱ የሚተኙት ለብቻቸው በአንድ ክፍል ነው፤ ለጡት ሲሆን ብቻ ነው የሚመጡት። ከጠዋት ጀምሮ የእሷን ልጅ አላመጡላትም።

ሃዳር ቀስ ብላ አስረዳችኝ። አንዳንድ ሴት ስትወልድ መንፈሷ ይታወካል፣ ራሷን ወይም ልጇን ልትጎዳ ትችላለች። ሰንጢው የማነው ብለው ቢጠይቋት ሃዳስ «አላውቅም» አለች። ሰንጢ ትራሷ ስር ተገኝቶ አላውቅም ማለቷ የባሰ አስፈራቸው። የአእምሮ ሐኪም ሳያያት ልጁ አይመጣም። ምናልባትም እሷ ወደ ቤት ስትሄድ ልጁ እዚህ ይቀራል።

ይቀራል?

«የእኔ ነው!» አልኩ። «እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት!»

«ለምን?» አለችኝ ሃዳር።

ለምን! ስናደድ ዕብራይስጤ ብን ብሎ ይጠፋል። ክፉ ነገር እላለሁ፣ ብረት እላለሁ፣ ሚስቴ እላለሁ፣ ድምፄም ይጨምራል። እኔ በጮህኩ ቁጥር ልጅቷ ወደ በሩ ታፈገፍጋለች። አስቡት እንግዲህ፣ ሰንጢ ደብቆ ያስገባ ሽማግሌ ቆሞ ሲጮህ። ሃዳስ ፊቷን በእጇ ሸፍና «አባ፣ ምን አደረጉኝ? ምን አደረጉኝ?» ትላለች። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ልጄን ልጠብቅ ብዬ የልጅ ልጄን ላሳጣት ነው።

በዚህ መሃል የነርሶቹ አለቃ ገባች። ሪቅቃ ይሏታል፤ ደንዳና ሴት ናት፣ ፀጉሯ የሸበተ፣ መነጽሯ በገመድ ደረቷ ላይ የተንጠለጠለ። «ምንድን ነው ገበያው?» አለች። ሃዳር ሳህኑን አሳየቻት። ሪቅቃ መነጽሯን አድርጋ ሰንጢዋን አነሳች፣ ቀንዱን በጣቷ ዳሰሰች፣ ከዚያ ዞራ አየችኝ።

«የት ነበር?»

«ትራስ ስር።»

«ታጥፎ?»

«ታጥፎ።»

«በራስጌ ነው በግርጌ?»

«በራስጌ ነዋ! በግርጌ ምን ይሠራል?» አልኩ ተቆጥቼ።

ሪቅቃ አልጋው ላይ ቁጭ አለች። ልትቆጣ ነው ብዬ ስጠብቅ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«አባቴ ከሞሮኮ ነው» አለቻት ሃዳርን። «ወንድሞቼ ሲወለዱ፣ ግዝረቱ እስኪደርስ ድረስ፣ በየምሽቱ ሰይፍ ይዞ የክፍሉን ግድግዳ ይዞር ነበር። ሲጨርስ እናቴ ትራስ ስር ታደርገዋለች። አራሷንና ልጁን ክፉ ነገር እንዳይነካቸው። ይኼም ሰው ያደረገው እሱኑ ነው።»

ሃዳር ቀላች። «ማንም አልነገረኝም እኮ» አለች።

«የት ይነግርሻል፣ ሲጮህ እንጂ ሲናገር መቼ አየሁት?» አለች ሪቅቃ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ወደ ሃዳስ ዞረች። «እኔ የመጀመሪያ ልጄን እዚሁ ክፍል ነው የወለድኩት። እናቴ ሞታ ነበር። ነርስ ነኝ፣ የተማርኩ ነኝ ብዬ ሰይፉን ማንንም መጠየቅ አፈርኩ። ያኔ ዓይኔ አልተከደነም። አንቺ አባት አለሽ።»

ሃዳስ ቀና ብላ አየችኝ።

ሃዳርን አልቀየማትም። አልጋ ውስጥ ሰንጢ ያገኘ ሰው ሌላ ምን ያስብ ኖሯል? ደግሞም ስህተቷን ስታውቅ አልተግደረደረችም፤ ሃዳስን ይቅርታ ጠይቃ፣ ራሷ ሮጣ ልጁን አመጣችው። ሐኪምም ሌላም ሳይነሳ ቀረ። እግዜር ይስጣት።

«ስለት ግን አልጋ ላይ አይቀመጥም፣ ደንብ ነው» አለች ሪቅቃ። ነጭ ፋሻ አወጣችና ሰንጢዋን ጠቀለለቻት፣ ደግማ ጠቀለለቻት፣ በፕላስተር አሰረቻት፤ ሌላ ጨቅላ መሰለች። በራስጌ ካለው መሳቢያ ከታ ቆለፈችባት፣ ቁልፉን ለሃዳስ ሰጠቻት። «አሁንስ ተስማማህ?» አለችኝ። እኔ እጇን ልስም ጎንበስ አልኩ፤ እጇን ነጥቃ ልጁን ክንዴ ላይ አስቀመጠችልኝ።

የገዛ ልጁን ከድንጋይ ማዶ ቆሞ በድምፅ ብቻ ያወቀ ሰው፣ የልጅ ልጁን ገና ዓይኑ በቅጡ ሳይገለጥ አቀፈ። ቄሳችን ቢያዩኝ ጉድ ባሉ ነበር። ይበሉ! ሞቅ ያለ ነበር፣ ወተት ወተት ይሸታል። ተመስገን፣ ተመስገን አልኩ።

ሃዳስ ከሆስፒታል በወጣችበት ቀን የፕላስቲክ ሳጥኔን ተሸክሜ ለሪቅቃ ከፈትኩላት። «ምረጪ» አልኳት። «ስጦታ አንቀበልም» አለች። «ስጦታ ማን አለ? ልጅሽ አትወልድም?» አልኳት። ሳቀች፤ ሴት ልጇ ለክረምት ትደርሳለች አለች። የጽፋቱን አነሳች፣ የወይራ እጀታውን። አልሳሳሁለትም። እውነት ለመናገር ትንሽ ሳስቻለሁ፣ ግን ሳጥኑን ብትወስደው እንኳ ይገባት ነበር።

የግዝረቱ ዋዜማ ጠዋት ናሕሊኤል ሰፈር ወዳለው የእነ ሃዳስ ቤት ሄድኩ። ሃዳስ ከሆስፒታል ስትወጣ ከመሳቢያው አውጥታ የሰጠችኝን የወርቂቱን ሰንጢ ከፋሻው ፈትቼ፣ እሷን ብቻ ነበር ኪሴ ያደረግኩት። ሃዳስ ወጥ ቤት ናት፤ ልጁ አልጋው ላይ ተኝቷል። ቀስ ብዬ ትራሷን አነሳሁ።

ባዶ አልነበረም። ትንሿ ቀይ ሰንጢ ታጥፋ ተኝታለች። በራስጌ በኩል። ቀለሟ ከመታሸት ብዛት ነጥቷል።

ሃዳስ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች።

«ጠፋብኝ አላልሽም?» አልኳት።

«አዳሪ ቤት ልጆቹ እንዳይስቁብኝ ደበቅኳት። እርስዎ ደግሞ በየበዓሉ አሳዪኝ ይሉኛል። ታዲያ ጠፋብኝ አልኩ።» ጠጋ አለች። «አባ፣ ትራሴ ስር ካልሆነች እኮ እዚያ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር።»

የወርቂቱን ሰንጢ እጄ ላይ እንደያዝኩ ቀረሁ። «እንግዲህ አለሽማ፣ ይቺን እመልሳታለሁ» አልኩ።

«ለምን? ያቺ ለመኝታ፣ ይቺ ለመውጫ» አለችና ከእጄ ወሰደቻት። ቀንዱን ዳበሰች፣ ስለቷን ብርሃን ላይ አየች።

«ትቆርጣለች?» አለችኝ።

ያንን ነገር ማንም ነግሯት አያውቅም። እኔም ነግሬያት አላውቅም። «ሞክሪያታ» ልላት አፌን ከፈትኩ፣ እንባዬ ቀደመኝ። ልጄ ፊት አልቅሼ አላውቅም፤ አለቀስኩ፣ ደስ ብሎኝ አለቀስኩ።

ነቬ ሐይም ስደርስ በሩ ጋ ኪሴን ዳበስኩ። ቁልፍ የለም። እጄ ወደ ሌላው ኪሴ ሄደ፣ ሰንጢም የለም። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ለብቻዬ ሳቅሁ። ጎረቤት እስኪመጣ ድረስ እዚያው ተቀምጬ፣ ለወርቂቱ ሁሉንም ነገርኳት።